የፍሬን ዲስክ፦ ማጽዳት፣ በቶርኖ ማስላግ ወይስ መቀየር?

ፍሬን በተረገጠ ቁጥር መሪው የሚንቀጠቀጥበት ወይም ከፊት ጎማ በኩል የሚፋጭ ድምፅ የሚሰማ ባለመኪና ወደ ጋራዥ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርሱ የሚጋጭ ምክር ይገጥመዋል። አንዱ መካኒክ ዲስኩን ፈትቶ አጽድቶ መመለስ ይበቃል ይላል፤ ሌላው ቶርኖ ቤት ተልኮ ገጹ በማሽን እንዲላግ ያዝዛል፤ ሦስተኛው አዲስ እንዲገዛ ይመክራል፤ አራተኛው ደግሞ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ዲስክ ከአዲስ ፎርጅድ ይሻላል ብሎ ይከራከራል። እያንዳንዱ ምክር ትክክል የሚሆንበት ሁኔታ አለ፤ አደገኛ የሚሆንበትም እንዲሁ። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች በብዛት የምናያቸውን እንደ ቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና ሱዙኪ ዲዛየር ያሉ የቤተሰብ መኪኖች መነሻ አድርጎ ምርጫዎቹን ያነጻጽራል። የጸሐፊው አቋም ከመጀመሪያው ግልጽ ቢሆን ይሻላል፦ ምርጫውን መወሰን ያለበት የዕቃው ዋጋ ወይም የጋራዡ ልማድ ሳይሆን በዲስኩ ላይ የቀረው ውፍረት ነው። ውፍረቱ ሳይለካ የሚሰጥ ምክር፣ ከየትኛውም ልምድ ካለው ሰው ቢመጣ፣ ግምት ነው።

ውፍረቱ ለምን ይህን ያህል ያሳስባል?

ፍሬን የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው፤ ያንን ሙቀት በመጀመሪያ ተቀብሎ የሚይዘው፣ ቀስ በቀስም ወደ አየር የሚለቀው ዲስኩ ነው። በዚህ ምክንያት የዲስኩ ክብደት ጌጥ ወይም ትርፍ ብረት አይደለም። ሰዎችና ዕቃ ጭኖ 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተነሥቶ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ወደ ግማሽ ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ ኃይል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከዚህ ውስጥ 70 በመቶ ያህሉን የፊት ፍሬኖች ተሸከሙ፣ ሁለቱ የፊት ዲስኮችም በአንድነት 10 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብንል፣ በዚያ አንድ ጊዜ ብቻ የዲስኮቹ ሙቀት በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። ክብደታቸው ባነሰ መጠን ጭማሪው ከፍ ይላል።

አሁን ይህንኑ መኪና ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ እንመልከተው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወደ ድልድዩ የሚወርደው ክፍል ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ይቀንሳል። 1,300 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል 12.7 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከመቆም ጋር ይስተካከላል። ከፊሉን ሞተሩና የነፋሱ ግፊት ይወስዱታል፤ አሽከርካሪው ማርሹን ዝቅ ካላደረገ ግን ትልቁ ድርሻ የሚወድቀው በፍሬኑ ላይ ነው። በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ፣ ወይም በየቀኑ ከእንጦጦ ግርጌ ሰፈሮች ወደ መሐል ከተማ የሚመላለስ ሰው፣ በመጠን ቢለያይም፣ ያው ሒሳብ ይመለከተዋል።

በነዚህ መኪኖች የፊት ጎማ ላይ በብዛት የሚገኘው ዲስክ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ በሁለት የብረት ገበታዎች መካከል አየር የሚያሳልፉ ክንፎች ያሉት ዓይነት ነው። ለምሳሌ አዲስ ሲሆን 22 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዲስክ ዝቅተኛ ልኩ 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የተፈቀደው የ2 ሚሊሜትር መሳሳት ከእያንዳንዱ ገበታ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው። ገበታው ራሱ አዲስ እያለም ከ6 እስከ 7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ ሲታይ ኢምንት የሚመስለው መሳሳት ሙቀቱን ከሚይዘው ብረት ሰባተኛ ያህሉን ይወስዳል። ከዚያ በታች የወረደ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ ዲስኩን የሚጨብጠው ሸራም ሲያልቅ የካሊፐሩ (ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ከተለመደው በላይ ወደ ውጭ እንዲወጣ ያስገድደዋል።

ከፍታው ራሱም አንድ ነገር ይጨምራል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እግርን የሚያግዘው የፍሬን ሰርቮ ደግሞ የሚሠራው በውጭው አየርና ከሞተሩ በሚያገኘው ባዶ ግፊት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ሲጠብ እገዛው ይቀንሳል፤ አሽከርካሪው ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ለመርገጥ ይገደዳል። ስለዚህ በደጋ የሚነዳ መኪና ፍሬኑ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ደኅና ሊሆን ይገባዋል እንጂ «እስካሁን ይይዛል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

«ዲስኩ ተጣሟል» የሚባለው ነገር

መሪው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ዲስኩ በሙቀት ተጣሟል ማለት በጋራዦች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። ዲስኩ ከተቀመጠበት የጎማ ማሰሪያ ገጽ ላይ ዝገት ወይም ቆሻሻ ካለ፣ ዲስኩ ሲታሰር በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት የመወላገድ መጠን ግን ከ0.05 ሚሊሜትር አይበልጥም። ይህም ከሰው ጸጉር ውፍረት ያነሰ ወይም ቢበዛ እኩል ነው። ያዘነበለው ዲስክ በዞረ ቁጥር አንድ ቦታው ሸራውን ይነካል፤ በሺዎች ኪሎ ሜትር ሂደት ያ ቦታ ይሳሳል ወይም የሸራ ቅሪት ይጋገርበታል፤ በመጨረሻ ዲስኩ አንድ ወጥ ውፍረት ማጣት ይጀምራል። የውፍረቱ ልዩነት ከ0.01 እስከ 0.02 ሚሊሜትር ሲደርስ እግር ላይና መሪ ላይ ሊሰማ ይችላል።

ይህን ማወቅ ለምርጫው ወሳኝ ነው። የችግሩ ምንጭ የማሰሪያው ገጽ ከሆነ፣ አዲስ ዲስክ በዚያው ዝገት ላይ ማሰር ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል፤ ባለመኪናውም የተገዛውን ዕቃ ይረግማል። አዲስ ዲስክ «ቶሎ ተበላሸ» ከሚባልባቸው አጋጣሚዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ የተዘለለ የአሥር ደቂቃ ጽዳት ውጤት ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዲስክ ከመሄድ በፊትም ጥፋቱ የእርሱ መሆኑ ይረጋገጥ። ፍሬን ሳይረገጥ በፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የጎማ ባላንስ ወይም የቸርኬ ጉዳይ ነው። መኪናው ፍሬን ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ከሳበ ካሊፐሩ ተጣብቆ ወይም የፍሬን ቱቦው ከውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ጎማው ተነሥቶ ሲወዛወዝ ክፍተት ካለው ኩሽኔታው ይታይ። ድንገት በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ እግርን የሚመታ ከሆነ ደግሞ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ሥራውን እየሠራ ነውና ብልሽት አይደለም።

ልኬቱ

ለልኬት የሚያስፈልገው ማይክሮሜትር ነው። ተራው ቬርኒየር (ተንሸራታቹ መለኪያ) በዲስኩ ጠርዝ ላይ በዝገት የተፈጠረውን ከፍ ያለ ከንፈር ይዞ ውፍረቱን አብዝቶ ስለሚያሳይ፣ እርሱን ለመጠቀም የሚገደድ ሰው በሁለቱም በኩል እኩል ውፍረት ያላቸውን ሁለት ሳንቲሞች አስደግፎ ከለካ በኋላ የሳንቲሞቹን ውፍረት መቀነስ ይኖርበታል። ከጠርዙ 10 ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በዙሪያው ቢያንስ በስድስት ቦታ መለካት ያስፈልጋል። ከስድስቱ ትንሹ ቁጥር ዲስኩ ለአገልግሎት መብቃት አለመብቃቱን ይወስናል፤ በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ የመንቀጥቀጡን ምክንያት ይነግራል። ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ በዲስኩ ቆብ (ከፍ ባለው መሐሉ) ወይም ጠርዝ ላይ «ሚን ቲኤች» (MIN TH) ከሚለው የላቲን ምሕጻር አጠገብ በሚሊሜትር ተቀርጾ ይገኛል፤ ዝገት ከሸፈነው በሽቦ ብሩሽ ይገለጣል።

ቁጥሩ በእጅ ከገባ በኋላ ምርጫዎቹን ማነጻጸር ይቻላል።

ማጽዳትና መመለስ

ውፍረቱ ከዝቅተኛው ልክ ከ1 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ፣ በስድስቱ ልኬቶች መካከል የሚታይ ልዩነት ከሌለ፣ ገጹም ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት ከሌለበት ዲስኩን መንካት አያስፈልግም። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ዲስክ ማስላግ ግዴታ ነው የሚለው ልማድ መሠረት የለውም፤ ብዙ አምራቾችም አይጠይቁትም። ማሰሪያውን እስከ ንጹሕ ብረቱ ማጽዳት፣ የዲስኩን ገጽ በመካከለኛ ብርጭቆ ወረቀት አቅጣጫ እየቀያየሩ ማሸት፣ ከዚያም በሳሙናና በውኃ ወይም በፍሬን ማጽጃ ማጠብ በቂ ነው። መኪናው በክረምት ለሳምንታት ቆሞ ገጹ ላይ የታየ ቀይ ዝገት በጥቂት ኪሎ ሜትር ጉዞ በራሱ ይለቃል፤ ጉድጓድ የፈጠረ ዝገት ግን በጽዳት አይድንም።

በዚሁ አጋጣሚ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ይፈተሹ። ከውስጥና ከውጭ ያሉት ሸራዎች እኩል ካላለቁ ፒኑ ደርቋል ማለት ነው፤ ለፍሬን የተዘጋጀ ሙቀት የሚችል ግራሶ ይቀባ። ተራው ግራሶ የፒኖቹን የጎማ መሸፈኛዎች ሊያሳብጥ ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

በቶርኖ ማስላግ

በአገራችን የቶርኖ ባለሙያ እጅ ዋጋ ከአዲስ ዲስክ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ በመሆኑ ይህ ምርጫ ለብዙ ባለመኪና የመጀመሪያው ነው። ክብር የሚገባው ሙያ ነው፤ ልኬቱ ከፈቀደና ሥራው በጥንቃቄ ከተሠራ ዲስኩ እንደ አዲስ ያገለግላል። ነገር ግን ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ከእያንዳንዱ ገጽ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ይወሰዳል፤ በጠቅላላው እስከ 1 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ዝቅተኛ ልኩ 20 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ 20.6 ላይ እያለ ቶርኖ ቤት ቢላክ፣ ሲመለስ ያማረ ገጽ ይዞ ከልኩ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከልኩ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢመለስ እንኳ በሚቀጥለው አገልግሎት ላይ እየሳሳ መሄዱ አይቀርም። የእኔ ምክር ከተላገ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊሜትር ትርፍ የማይቀር ከሆነ ወደ ቶርኖ ቤት አለመሄድ ነው፤ ዘወትር ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና ደግሞ ትርፉ 1 ሚሊሜትር ቢሆን እመርጣለሁ።

የሥራው ጥራት የሚወሰነው በአያያዙ ነው። ዲስኩ በቶርኖው መንጋጋ ላይ ሲታሰር መሐሉ በትክክል ካልተያዘ፣ ወይም አንዱ ገጽ ከተላገ በኋላ ተገልብጦ እንደገና ታስሮ ሌላው ገጽ ከተላገ፣ ሁለቱ ገጾች እርስ በርሳቸው ትይዩ ሳይሆኑ ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለ ዲስክ ከመላጉ በፊት ከነበረው ይልቅ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሁለቱም ገጾች በአንድ አያያዝ እንዲላጉ መጠየቅ፣ ሲመለስም በድጋሚ መለካት የባለመኪናው መብት ነው። በተለይ ለፍሬን የተሠራ፣ ሁለቱን ገጾች በአንድ ጊዜ የሚልግ መሣሪያ ያለበት ቦታ ከተገኘ እርሱ ይመረጥ፤ ዲስኩን ከመኪናው ሳይፈቱ የሚልገው ዓይነት ደግሞ የማሰሪያውን መወላገድም አብሮ ስለሚያስተካክል ከሁሉም የተሻለ ነው።

ቶርኖ የማያድነውም አለ። ዲስኩ ከመጠን በላይ ግሎ ሰማያዊ ነጠብጣብ ካወጣ የብረቱ ባሕርይ በዚያ ቦታ ተለውጦ ጠንክሯል፤ ጥንካሬው ከገጹ በታች ዘልቆ ስለሚገባ ከላይ ቢላግም ነጠብጣቡ ከጊዜ በኋላ ጉብ ብሎ ይወጣል። ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ስንጥቅ የታየበት ዲስክ ደግሞ ውፍረቱ ምንም ያህል ቢሆን ከመኪናው ይውረድ።

አዲስ መግዛት፦ የትኛውን?

በመርካቶ ሶማሌ ተራና በሌሎች የመለዋወጫ መደብሮች አዲስ ዲስክ ሲጠየቅ ሦስት ዓይነት ዕቃ ይቀርባል፤ የመኪናው አምራች በራሱ ስም የሚያወጣው፣ እንደ ብሬምቦ፣ ቦሽ፣ ኤቲኢ ወይም አድቪክስ ያሉ የታወቁ የፍሬን አምራቾች በስማቸው የሚሸጡት፣ እና ምንጩ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ለቤተሰብ መኪና የሚሰማ የአሠራር ልዩነት እምብዛም የለም፤ የመኪና አምራቾች የፍሬን ክፍሎችን በአብዛኛው ራሳቸው ሳይሆን ከእነዚህ ዓይነት ድርጅቶች ነው የሚያሠሩት። ስለዚህ የሁለቱ የዋጋ ልዩነት ሰፊ ከሆነ የታወቀውን የፍሬን አምራች ዕቃ መግዛት ብልህነት ነው። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ከሆነ በክብ ውስጥ ያለ የላቲን «ኢ» ፊደልና ቁጥር፣ ለምሳሌ የጀርመን 1 ወይም የጣሊያን 3፣ ተቀርጾበት ሊገኝ ይችላል፤ ይህም ተተኪ የፍሬን ዕቃዎችን በሚመለከተው በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 መሠረት ተፈትኖ መጽደቁን ያመለክታል።

ችግሩ ማሸጊያ በቀላሉ መመሳሰሉ ነው። የታወቀ ስም ያለበት ካርቶን ውስጥ ሌላ ዕቃ ሊገኝ ስለሚችል፣ በስሙ ላይ ብቻ ከመተማመን ዕቃውን ራሱን መመርመር ይሻላል። ሁለቱን ዲስኮች በሚዛን ማስቀመጥ፣ ከተቻለ ከአሮጌውም ጋር ማወዳደር ብዙ ይናገራል፤ ሁለት አዲስ ዲስኮች በመቶዎች ግራም ከተለያዩ፣ ወይም አዲሱ ያለቀውን አሮጌ ያህል ብቻ ከመዘነ፣ ገበታዎቹ ሳስተዋል ማለት ነው። በጠርዙ በኩል ሲታይ ሁለቱ ገበታዎች እኩል ውፍረት ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ ቀልጦ ሲቀረጽ የመሐሉን ክፍተት የሚሠራው ቅርጽ (ልቡ) ተንሸራቷል፤ እንዲህ ያለው ሲሞቅ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ክንፎቹ በቁጥርም ሆነ በቅርጽ ከአሮጌው ጋር ይመሳከሩ፤ ዝቅተኛ ልኩ መቀረጹ ይታይ፤ ውጫዊ ስፋቱ፣ የመሐል ቀዳዳውና የቆቡ ቁመት ይለኩ። ነጋዴው ይህን ምርመራ ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል፤ ቢሆንም ቤተሰብ ለሚጫንበት መኪና የሚገዛ ዕቃ ነውና ሊያሳፍር አይገባም።

ምንጩ የማይታወቀውን ርካሽ ዕቃ በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ውፍረቱ የተረፈ አሮጌ ኦሪጅናል በጥንቃቄ ተልጎ ቢታሰር ይበልጣል።

ከተፈታ መኪና የወጣ ያገለገለ ዲስክስ? ብረቱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዲስክ እንደ በር ወይም እንደ መብራት ሳያልቅ የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ከየትኛው ጉዞ በኋላ እንደወጣ አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜም በክምችት ላይ ሆኖ ክንፎቹ ውስጥ ዝጓል። ሁለቱም ከአንድ መኪና የወጡ፣ ሲለኩም ወደ አዲሱ ልክ የተጠጉ ከሆኑ ብቻ ያዋጣል። ሻጩ ማይክሮሜትር እንዲገባበት ካልፈቀደ ንግግሩ እዚያ ላይ ያብቃ።

የተበሳ፣ መሥመር የተቀረጸበት፣ የተቀባ

ገጹ የተበሳሳ ወይም መሥመር የተቀረጸበት ዲስክ በመስታወት ውስጥ ሲታይ ያምራል፤ ለእሽቅድምድም የሚነዱ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ለቤተሰብ መኪና ግን አልመክረውም። ቀዳዳ ማለት የተቀነሰ ብረት ነው፤ ሙቀቱን የሚይዘው ክብደት ይቀንሳል፣ በቀዳዳዎቹ ዙሪያም ስንጥቅ ይጀምራል። መሥመር የተቀረጸበት ዓይነት ከተበሳው ይልቅ ጠንካራ ቢሆንም ሸራ ቶሎ ይበላል፣ ድምፅም ያበዛል። ሜዳው ገጽ፣ መሐሉ ክፍት የሆነው መደበኛ ዲስክ ለዓባይ ቁልቁለትም ሆነ ለቦሌ መጨናነቅ የተሻለው ነው።

ዝገት የሚከላከል ሽፋን የተቀባው ዓይነት የተለየ ጉዳይ ነው። ሽፋኑ ሸራው ከሚነካው ገጽ ላይ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይጠረጋል፤ ቆቡንና ክንፎቹን ግን ለዓመታት ይጠብቃል። በአዲስ አበባ አየር ተጨማሪ ገንዘብ ሊያስከፍል የሚገባው አይመስለኝም። በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ ለሚኖር፣ በይበልጥም በክረምት መንገድ ላይ ጨው በሚበተንባቸው በሚኒሶታና በዋሽንግተን አካባቢ መኪና ለሚነዳ ወገን ግን ዋጋውን ይመልሳል። በእነዚያ አገሮች የሠራተኛ ክፍያ ውድ ስለሆነ ዲስክ ማስላግ ከታወቀ አምራች አዲስ ዲስክ ጋር የሚቀራረብ ወጪ ሊያስከትል ይችላል፤ እዚያ ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ወደ መቀየር ያደላል።

ሸራው ከዲስኩ ጋር አብሮ ይመረጣል። የብረት ቅንጣት የበዛበት ሸራ ሙቀት ስለሚችል ለተራራማ መንገድ ይስማማል፤ በምላሹ ዲስኩን ቶሎ ያሳሳል፣ ቸርኬውንም ያጠቁራል። የሴራሚክ ሸራ ጸጥ ያለና አቧራው ያነሰ ነው፤ ለከተማ ኑሮ ይመቻል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ብረት አልባው ለስላሳ ሸራ ለዲስኩ ይራራል፤ በረዥም ቁልቁለት ሲግል ግን የመያዝ አቅሙ ቀድሞ ይደክማል። አዲስ ዲስክ ላይ አሮጌ ሸራ መመለስ ትክክል አይደለም፤ አሮጌው ሸራ የድሮውን ዲስክ ቅርጽ ይዞ ስለመጣ አዲሱን ገጽ በከፊል ብቻ ይነካል። የሸራው ውፍረት 3 ሚሊሜትር ሲደርስ መቀየር ጥሩ ልማድ ነው።

አገጣጠሙ

ዲስክ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል፤ የግራው ብቻ አዲስ ከሆነ ሁለቱ ጎማዎች እኩል አይይዙም። መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የማይነሡት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ በክሪክ ከተነሣ በኋላ በቋሚ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም አይግባ። የተጣበቀ ዲስክ በመዶሻ ከመደብደብ በፊት በቆቡ ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች መኖራቸው ይታይ፤ በብዙ የጃፓን መኪኖች 8 ሚሊሜትር ብሎን ተራ በተራ ሲጠብቅባቸው ዲስኩ ራሱ ተገፍቶ ይወጣል። ካሊፐሩ በሽቦ ይሰቀል እንጂ በቱቦው አይንጠልጠል። የሸራው ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር አይነፋ፤ አሮጌ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

አዲሱ ዲስክ ከዝገት መከላከያ ዘይቱ በሳሙናና በውኃ ወይም በፍሬን ማጽጃ ይታጠብ፤ ቤንዚንና ናፍጣ ቅባት ትተው ስለሚሄዱ አይሆኑም። የጎማ ብሎኖች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በሚለካ ቁልፍ ይጥበቁ፤ ለብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። በአየር ቁልፍ ያለ ልክ የሚጠብቅ ብሎን ዲስኩን በማሰሪያው ላይ አጣሞ ያስረዋል፤ ከላይ የተነገረው የመወላገድ ችግርም በአዲስ ዲስክ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ፤ ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ይሆናል።

ከዚያ ሸራና ዲስክ እንዲላመዱ ያስፈልጋል። ትራፊክ በሌለበት መንገድ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 15 ያህል፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ፣ መካከለኛ በሆነ ርግጫ አሥር ጊዜ ያህል ፍጥነት መቀነስ፣ በየመካከሉም እንዲቀዘቅዝ መንዳት በቂ ነው፤ የሸራው አምራች የተለየ መመሪያ ካለው እርሱ ይቅደም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ወደ ዓባይ በረሃ ለመውረድ አለመነሣት ይመረጣል።

የፍሬን ዘይቱንም በዚሁ ጊዜ መቀየር ተገቢ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የተባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ በ205፣ ዶት 4 ደግሞ በ230 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ እርጥበት ሲጠጡ ግን ዝቅተኛ ልካቸው ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። በረዥም ቁልቁለት መሐል ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል፤ ከመኪናው ሥር ያለው ዲስክ የቱንም ያህል ምርጥ ቢሆን አያድንም። ሁለት ዓመት ያለፈው ዘይት መቀየሩ ከማንኛውም የዲስክ ምርጫ ይበልጥ ርካሽ መድኅን ነው።

ከታሰረ በኋላ ዕድሜውን የሚወስነው አነዳዱ ነው። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ማርሽ መቀነስ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ወደ «ኤል»፣ «ቢ» ወይም «2» ማውረድ፣ እግርን በፔዳሉ ላይ ሳያሳርፉ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ መልቀቅ ይገባል። ድልድዩ ጋ ደርሶ የቆመ ሰው የጋለውን ጎማ በውኃ አያርስ፤ በግለት ላይ ያለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ተሸጋግረዋል፤ ለእነርሱ ከላይ ያለው ንጽጽር በከፊል ይገለበጣል። ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ የመኪናውን ፍጥነት ስለሚቀንስ ዲስኩ በመሳሳት ሳይሆን ሥራ በማጣት ይበላሻል፤ ገጹ ይዝጋል፣ ፒኖቹ ይደርቃሉ። ቮልስዋገን አይዲ 4 የኋላ ጎማዎቹ ላይ ዲስክ ሳይሆን የተሸፈነ የታምቡር ፍሬን የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለእንዲህ ዓይነት መኪና በቶርኖ ማስላግ እምብዛም አያስፈልግም፤ የተቀባ ዲስክ ግን ይገባዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ማርሹን ገለልተኛ ላይ አድርጎ ጥቂት ጊዜ ፍሬን መርገጥ፣ በዓመት አንድ ጊዜም ካሊፐሩን አስፈትቶ ፒኖቹን ማስቀባት ገጹን ንጹሕ አድርጎ ያቆየዋል። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ከከፍታ ወደ ታች የሚወርድ ሰው ደግሞ ጄኔሬተሩ የሚልክበት ቦታ ስለሚያጣ ሸክሙ በሙሉ ወደ ዲስኩ እንደሚዞር ይወቅ፤ ጎሃ ጽዮን ላይ ሲደርስ ባትሪው ጥቂት ጎድሎ ቢገኝ ይመረጣል።